ቀለም መቀበልና ቅኔ መንገር፦ የመማር ንድፈ ሐሳቦች ወደ ኢትዮጵያ ክፍል የገቡበት መንገድ



በመምህራን ማሠልጠኛ ክፍል ውስጥ «የመማር ንድፈ ሐሳብ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ ፈጥኖ ይመጣል። ተማሪዎቼ ሦስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ይሠራሉ፤ በአንደኛው ቢሄቪዮሪዝም፣ በሁለተኛው ኮግኒቲቪዝም፣ በሦስተኛው ኮንስትራክቲቪዝም ብለው ይጽፋሉ፤ ከየስሙ ሥርም ቶርንዳይክን፣ ስኪነርን፣ ፒያዤን፣ ቪጎትስኪን ይደረድራሉ። መልሱ ትክክል ነው። «እንግዲያው ይህን በማወቃችሁ በነገው ክፍለ ጊዜ የምትለውጡት ነገር ምንድን ነው?» ስል ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። ይህን ዝምታ በስንፍና የሚተረጉሙት አሉ። ለእኔ ግን ታሪክ ያለው ዝምታ ነው፤ ዛሬ ልተርክላችሁ የመጣሁትም ያንን ታሪክ ነው።

ክርክሬ በአጭሩ ይህ ነው። የመማር ንድፈ ሐሳቦች ወደ አገራችን የገቡት የማስተማሪያ ቅርጽ ሆነው ነው፤ የዕቅድ ቅጽ፣ የወንበር አቀማመጥ፣ የነጥብ አሰጣጥ ሆነው ማለቴ ነው። እያንዳንዱ ንድፈ ሐሳብ ሲወለድ ግን ጥያቄ ነበረ፦ ሰው ሲማር በውስጡ ምን ይሆናል? ቅርጹን ተቀበልን፤ ጥያቄውን ከበር መለስነው። ይባስ ብሎ ያው ጥያቄ በሌላ ስም ለዘመናት በደጃችን ሲሠራበት እንደ ኖረ ሳናስተውል ቀረን።

ከደጃችን ልጀምር። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሥርዓት ሕፃን ልጅ በንባብ ቤት ፊደል ይቆጥራል፤ ሀሁን ጨርሶ አቡጊዳ ይገባል፤ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስን፣ ቆይቶም ዳዊትን ይደግማል። ከንባብ ቤት የወጣ ወደ ዜማ ቤት፣ ወደ ቅኔ ቤት፣ ወደ መጻሕፍት ቤት ያልፋል። ይህን ሁሉ የምታውቁት ነውና አልዘገይበትም። የምዘገየው በሁለት ቃላት ላይ ነው። ተማሪው ከመምህሩ የዕለት ትምህርቱን ሲወስድ «ቀለም ተቀበለ» ይባላል። በቅኔ ቤት ደግሞ የራሱን ድርሰት በመምህሩ ፊት ሲያቀርብ «ነገረ» ይባላል። መቀበልና መንገር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ለሁለቱም ለየብቻ ስም የሰጠ የትምህርት ባህል አስቦበታል ማለት ነው።

የቅኔ ቤትን ውሎ በዚህ ዓይን እንመልከተው። የኔታ ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ተማሪዎች ይሰማሉ፣ ምሥጢሩንና አገባቡን ይከታተላሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ጸጥታ ወዳለበት ወጥቶ ብቻውን ይቆጥራል። «ቆጠራ» የሚባለው ይህ ነው፤ ከተሰማው መንገድ ተነሥቶ የራስን አዲስ ቅኔ ማሰናዳት። በመጨረሻ ነገራ ይመጣል፤ ተማሪው ያሰናዳውን በቃሉ ያቀርባል፣ መምህሩ ወይም አስነጋሪው የተሳተውን ያቃናል። ጀማሪው ሁለት ቤት ባለው ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ያ ሲቀናው ወደ ሦስት ቤቱ ያልፋል፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ዘንድ የሚደርሰው ብዙ ከደከመ በኋላ ነው። አብሮት የገባው ጓደኛው ቀድሞት ቢያልፍ ማንም «የክፍል ጓደኞችህ ጥለውህ ሄዱ» አይለውም፤ ቅኔ ቤት የዕድሜ ክፍል የለውም። አስነጋሪውም ትናንት በዚያው መንገድ ያለፈ ተማሪ ነው። የሌላውን ቅኔ እንደ ራስ አድርጎ ማቅረብ ነውር ነው፤ ትናንት የተነገረም ዛሬ አይደገምም። እንግዲህ የአብነት ትምህርት ሁሉ «ሽምደዳ» ነው የሚሉን ሰዎች ስለ ንባብ ቤት ሲናገሩ ግማሽ እውነት አላቸው፤ ስለ ቅኔ ቤት ሲናገሩ ግን ምንም እውነት የላቸውም።

በወሎና በሌሎች አካባቢዎች የቁርአን ትምህርትም ከዚህ የራቀ አይደለም። ደረሳው ትምህርቱን በለውሕ ላይ ይጽፋል፤ አጥንቶ ለመምህሩ በቃሉ ያሰማል፤ ሲያልፍ ለውሑ ይታጠብና ለቀጣዩ ይሰናዳል። ጽሑፉ ከእንጨቱ ላይ የሚጠፋው በልጁ ውስጥ መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ጀርመን ልሻገር፤ የማስታወስን ነገር በመለኪያ ለመያዝ መጀመሪያ የተነሣው ሰው እዚያ ነውና። ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ ተመራማሪውም ተመርማሪውም ራሱ ነበረ። ትርጉም የሌላቸውን ቀለሞች በረድፍ እያጠና፣ ምን ያህሉን በስንት ጊዜ እንደሚረሳ መዘገበ። በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ከድካሙ ከግማሽ የሚበልጠው ይጠፋ ነበር። ሌላም ነገር አገኘ፦ በአንድ ቀን 68 ጊዜ ከተደጋገመ ጥናት የሚገኘው ውጤት፣ በሦስት ቀናት ከተከፋፈለ 38 ድግግሞሽ ከሚገኘው ጋር የሚመጣጠን ነበር። የየኔታ ተማሪ በየምሽቱ ጨለማ ውስጥ የቃል ትምህርቱን ሲያነበንብ የኤቢንግሃውስን ቁጥር አያውቅም፤ ይሁን እንጂ ድግግሞሹን በየቀኑ የሚበትን ሥርዓት ውስጥ ነው ያለው። የእኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ ቁጥሩን ለፈተና አጥንቶ፣ ጥናቱን ሁሉ በፈተና ዋዜማ ሌሊት ያከማቻል።

ከዚህ የሚበልጠው ማስረጃ የመጣው በቅርቡ ነው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሥራ ተማሪዎች አጭር ምንባብ እንዲያነቡ አደረጉ። ከዚያም አንዱን ምንባብ ደግመው እንዲያነቡ፣ ሌላውን ግን ጽሑፉ ተነሥቶ የሚያስታውሱትን ሁሉ በወረቀት እንዲያሰፍሩ አደረጓቸው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግሞ ማንበብ አሸነፈ፤ 81 በመቶ ለ75። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ካነበቡት 42 በመቶውን፣ ከቃላቸው ካወጡት 56 በመቶውን አስታወሱ። ይህን ውጤት መጀመሪያ ሳነብ የመጣልኝ ቃል «ነገራ» ነበር። ቀለም ደጋግሞ መቀበል የመማርን ስሜት ይሰጣል፤ የሚያጸናው ግን አውጥቶ መንገር ነው። ይህን ስል ቅኔ ቤት ሁሉን ያውቅ ነበር ማለቴ አይደለም። የቀድሞ ነገር ሁሉ ዘመናዊ ሳይንስን የቀደመ ነው የሚሉ ንግግሮች በዝተውብናል፤ በእነርሱ ላይ ሌላ ልጨምር አልፈልግም። ባህሉ ምክንያቱን አላብራራም፤ የት ላይ እንደሚሠራና የት ላይ እንደማይሠራም አልለየም። ለዚህ ነው ንድፈ ሐሳብ የሚያስፈልገው።

የንባብ ቤትን ጉድለት ለማየትም ያው ንድፈ ሐሳብ ያስፈልገናል። ልጁ ዳዊትን የሚደግመው በግእዝ ነው፤ ግእዝ አይሰማም። ትርጓሜው የሚመጣው ከዓመታት በኋላ በመጻሕፍት ቤት ነው፤ እዚያ ሳይደርስ የቀረው ደግሞ እጅግ ይበዛል። በዚያ ላይ አለንጋው አለ። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 ድመቶችን በሣጥን ውስጥ እየዘጋ መውጫውን እንዴት እንደሚለምዱ ባጠና ጊዜ፣ የሚያስደስት ውጤት ያስከተለ ድርጊት እንደሚጸና ደምድሞ ነበር፤ የሚያሳምም ውጤት ያስከተለውም በዚያው መጠን እንደሚደክም ገምቶ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ግን በሰዎች ላይ ካደረገው ጥናት በኋላ ሁለተኛውን ግማሽ ተወው፤ ቅጣት ሽልማት የሚያጸናውን ያህል ስሕተትን አያጠፋም። የቶርንዳይክ ስም በእኛ ማስተማሪያ ጽሑፎች ውስጥ ለዓመታት ሲታተም፣ ይህ ሁለተኛው ድምዳሜ ግን ከዱላ ጋር እምብዛም ሲነሣ አላየሁም።

ዘመናዊ የምንለው የመንግሥት ትምህርት ቤት በዳግማዊ ምኒልክ ስም እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ፤ ትኩረቱም በውጭ ቋንቋዎች ላይ ነበር። ስለ ተማሪው አእምሮ የሚነሣ ክርክር በዚያ ዘመን አልነበረም፤ የሚያስፈልገው አስተርጓሚና ጸሓፊ ነበር። ንድፈ ሐሳብ በስሙ ተጠርቶ የመጣው ከነጻነት በኋላ ነው፤ ከ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መከፈት፣ ከመምህራን ማሠልጠኛዎች፣ ከአሜሪካ የመጡ አማካሪዎችና እ.ኤ.አ. በ1962 መግባት ከጀመሩት የሰላም ጓድ መምህራን ጋር ነው። ያ ዘመን በአሜሪካ የባህርያዊያን ዘመን ነበር። ራልፍ ታይለር በ1949፣ ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ በ1956 የትምህርት ዓላማ በተማሪው ላይ በሚታይ ለውጥ መገለጽ አለበት አሉ። ለእኛ የደረሰን ምንድን ነው? «ከዚህ ክፍለ ጊዜ በኋላ ተማሪዎች ይዘረዝራሉ፣ ይገልጻሉ፣ ይለያሉ» የሚለው የትምህርት ዕቅድ ዓምድ። ዓምዱ ዛሬም አለ። የብሉም መሰላል ወደ ላይ የሚወጣ እንደ ነበረ ግን ከብዙ ዕቅዶች ላይ አይነበብም፤ «ይዘረዝራሉ» ላይ ተቀምጠን ቀርተናል።

ወደ ስኪነር ስመጣ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ ስሙ ካለ ፍርድ የጠለሸ ሰው ነው። ቢ. ኤፍ. ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1953 ለወላጆች በተዘጋጀ ቀን ልጁ የምትማርበትን የአራተኛ ክፍል የሒሳብ ትምህርት ከኋላ ተቀምጦ ተመለከተ። ጥያቄ በሰሌዳ ተጽፏል፤ አንዳንዱ ልጅ ቶሎ ጨርሶ ይቁነጠነጣል፣ ሌላው አንዱንም መሥራት አቅቶታል፣ ሁሉም ትክክል መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው ደብተሩ ታርሞ ሲመለስ ነው። ስኪነር ከዚያ በኋላ የሠራው የማስተማሪያ ማሽን ጥያቄ አንድ በአንድ ያቀርባል፤ ልጁ እስኪመልስ ይጠብቃል፤ ሲመልስ ወዲያው ያሳውቀዋል። ማሽኑን መውደድ ግዴታ አይደለም። ከኋላው ያለው ሐሳብ ግን ግልጽ ነው፦ ተማሪው በራሱ ፍጥነት ይሂድ፤ ለሠራው ሥራ ምላሽ ሳይዘገይ ይድረሰው።

በ1997 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የገባው ፕላዝማ የስኪነር ልጅ ይመስል ነበር፤ ቴክኖሎጂ አለ፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ መልስ ይናገራል። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት ለመላው አገሪቱ በአንድ ጊዜ ይተላለፍ ነበር፤ መምህሩ በመጀመሪያና በመጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ነበረው። ነገር ግን ጥያቄው ከቀረበ ጥቂት ሰከንዶች በኋላ ማያ ገጹ ራሱ መልሶ ያልፍ ነበር። ስኪነር ማሽኑን የሠራው ልጁን የሚጠብቅ ነገር ለማግኘት ነበር፤ ፕላዝማ የሚጠብቀው ማንም አልነበረም። ገጠር ያለው ልጅ «ኤሌክትሮን» የሚለውን ቃል ሲጽፍ ትምህርቱ ወደ ሌላ ምዕራፍ ተሻግሮ ነበር። በአገሪቱ ያለ ተማሪ ሁሉ እኩል ጥራት ያለው ትምህርት እንዲያገኝ የታሰበው ዓላማ ቅን ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም ስለ መማር አንድም ጥያቄ ሳይጠየቅ የተገዛ መልስ ነበር።

ቋንቋውም አለ። ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 የሰው አእምሮ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ነገር በጣም ጥቂት መሆኑን አሳይቷል፤ አውስትራሊያዊው ጆን ስዌለር ደግሞ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ይህች ጠባብ ቦታ በሌላ ጭነት ከተያዘች ለትምህርቱ የሚተርፍ እንደማይኖር አስረዳ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ አድርጎ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ አስቀጠለ። ስለዚህ ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ የፊዚክሱን ሐሳብ ከመያዙ በፊት ዓረፍተ ነገሩን መፍታት አለበት፤ ጠባቧ ቦታ በትርጉም ትሞላለች። የሚቀረው መንገድ ሐረጉን እንዳለ መያዝ ነው። ይህ ልጅ ዳዊትን በማይሰማው ግእዝ ከሚደግመው ልጅ በምን ይለያል? በአንድ ነገር ይለያል፤ የዳዊት ደጋሚው ትርጓሜ የሚባል ቤት ከፊቱ እንዳለ ያውቃል።

ቪጎትስኪ ዘንድ ደረስን። ሌቭ ቪጎትስኪ ከፒያዤ ጋር በአንድ ዓመት፣ በ1896 ተወልዶ በ1934 በሳንባ ነቀርሳ ገና በ37 ዓመቱ የሞተ ሰው ነው። ሥራው በአገሩ ለዓመታት ታፍኖ ኖረ፤ ምዕራባውያን በስፋት ያወቁት የጽሑፎቹ ስብስብ በእንግሊዝኛ በ1978 ሲታተም ነው። ዋና ሐሳቡ ልጅ ዛሬ ብቻውን በሚሠራውና ከእርሱ የተሻለ ሰው ሲረዳው በሚሠራው መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ማስተማር ትርጉም የሚኖረው በዚያ ርቀት ውስጥ ነው ይላል። ይህ ሐሳብ ወደ እኛ የገባው «ተማሪ ተኮር» በሚለው የ1986ቱ ፖሊሲ ማግስት አነጋገር፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረውና ቴሶ ተብሎ በሚታወቀው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ፣ በመጨረሻም «አንድ ለአምስት» በሚባለው አደረጃጀት ነው። አንድ ጎበዝ ተማሪ፣ አምስት ተከታይ። በወረቀት ላይ አስነጋሪ ይመስላል። በክፍል ስመለከተው ግን የቡድን ሥራውን የሚሠራው ያው ጎበዙ ነው፤ አምስቱ ስማቸውን ያስመዘግባሉ። አስነጋሪ አይናገርም፤ ያስነግራል። ቃሉ ራሱ ይህን ይነግረናል። የሚናገረው ጀማሪው ነው፤ የሚያዳምጠውና የሚያቃናው ነባሩ ነው። አንድ ለአምስት ይህን ገልብጦታል።

«ተከታታይ ምዘና»ም ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው። ዓላማው ተማሪው የት እንዳለ አውቆ ማቃናት ነበር፤ የሆነው አንዱን የመቶ ነጥብ ፈተና ወደ አምስትና ዐሥር ነጥቦች መሸንሸን ነው። ነጥቡ ይመዘገባል፤ የሚቃና ነገር የለም። ከዚህ ሁሉ በኋላ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ለዚህ ቁጥር ብዙ ምክንያት አለው፤ ጦርነት አለ፣ ወረርሽኝ አለ፣ የፈተናው አሰጣጥ ተለውጧል። ሁሉንም በማስተማር ዘዴ ላይ የሚጭን ሰው ካለ አልስማማም። ነገር ግን እያንዳንዳቸው ለዐሥራ ሁለት ዓመት ቀለም የተቀበሉ ልጆች ናቸው፤ ስንት ጊዜ ነገሩ?

«ስድሳና ሰባ ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል ነገራ እንዴት ይሆናል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ መነሣትም አለበት። በአንድ ምሳሌ ልመልስ። ደሴ የሚማር የሰባተኛ ክፍል ልጅ ኮምቦልቻ ሲወርድ ሹራቡን እንደሚያወልቅ ያውቃል። መንገዱ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቁልቁለቱ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ነው። መምህሯ «ከፍታ ሲጨምር ሙቀት ይቀንሳል» ብላ ጽፋ ልታስገለብጥ ትችላለች፤ ልጁ ይቀበላል። ወይም እንዲህ ልትጠይቅ ትችላለች፦ «ደሴ ከኮምቦልቻ ይልቅ ወደ ፀሐይ ትቀርባለች፤ ታዲያ ስለምን ትበርዳለች?» አሁን ልጁ ከሚያውቀው ሁለት ነገር መካከል ግጭት ገጠመው። ፒያዤ መማር የሚጀምረው እዚህ ነው ይላል፤ ቀድሞ የተያዘው ዕውቀት አልበቃ ሲል።

ሦስት ደቂቃ፣ በራስ ቋንቋ፣ በቁራጭ ወረቀት፣ ደብተር ተዘግቶ፤ ሁሉም ግምቱን ይጻፍ። ከዚያ ለጎረቤቱ ይንገር፤ ጎረቤቱ ያልገባውን ይጠይቅ። መምህሯ በወንበሮች መካከል እየተዘዋወረች ዐሥር ወረቀት ብታይ የክፍሉን ስሕተት ታውቃለች፤ አብዛኛው አየር በቀጥታ በፀሐይ የሚሞቅ ይመስለዋል። ማብራሪያዋ እዚያ ላይ ያርፋል፦ ፀሐይ መሬትን ታሞቃለች፣ መሬት አየሩን፤ ወደ ላይ የወጣ አየር እየሳሳና እየሰፋ ይቀዘቅዛል፤ በአንድ ሺህ ሜትር በአማካይ ስድስት ተኩል ዲግሪ ያህል። እንግሊዝኛው ቃል የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በሳምንቱ ደግሞ ትምህርቱን ከመጀመሯ በፊት «ያለፈው ሳምንት የደሴ ነገር ምን ነበር?» ብላ ደብተር አዘግታ ታስጽፋለች፤ ነጥብ አትመዘግብም። ለዚህ ፕላዝማ አያስፈልግም፣ የወንበር አደራደር መለወጥም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከመጽሐፉ ምዕራፎች መካከል አንዳንዱን ለመተው ፈቃድ ነው፤ ያን ፈቃድ የሚሰጠው ግን መምህሩ ሳይሆን «ሽፋኑ የት ደረሰ?» እያለ የሚጠይቀው ተቆጣጣሪ ነው።

የዚህ አዳራሽ ሰዎችም ከዚህ ውጭ አይደለንም። ኮንስትራክቲቪዝምን በስላይድ እያስነበብን፣ ዕውቀት እንደማይተላለፍ በማስተላለፍ ዘዴ እያስተማርን ነው። በመጪው መንፈቅ በምሰጠው የትምህርት ሥነ ልቡና ኮርስ ሠንጠረዡን ከፈተና አውጥቼዋለሁ። በምትኩ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከራሱ የትምህርት ዓይነት አንድ የተማሪ ስሕተት ይዞ ይመጣል፤ ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ በአንዱ ንድፈ ሐሳብ ያስረዳል፤ በጓደኞቹ ፊት ይነግራል፤ እኔና ክፍሉ እናቃናለን።

የቀረውን ግማሽ ሰዓት ለውይይት ትቼዋለሁ። ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመጡ መምህራን አሉና ቢቻል እነርሱ ቅድሚያ ያግኙ፤ በተለይ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ንባብ የምታስተምሩ፣ ስለ ፊደል ቆጠራ ያልኩትን የምትቃወሙበት ነገር ካለ እሱን መስማት እፈልጋለሁ።